800 ፈረስ ምኒልክ አደባባይ ሲደርስ ስንት ይቀረዋል? ጣሪያቸው የሚከፈት የቅንጦት ስፖርት መኪኖች በአዲስ አበባ አየር

ቲክቶክ ላይ ጣሪያዋን እያጠፈች የምትበር መኪና ስትመጣ ብዙዎቻችን ስክሮል ማድረግ አቁመን ቁጥሮቹን እናነባለን። "800 የፈረስ ጉልበት! ከዜሮ ወደ መቶ በ3 ሴኮንድ! 340 በሰዓት!" ከዚያ ኮሜንት ላይ ክርክሩ ይጦፋል።

ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነገር ግን ይሄ ነው፦ እነዚህ ቁጥሮች የሚሰሉት ለባሕር ጠለል አየር ነው። ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ነው ያለው። አየሩ ሌላ ነው፣ መንገዱ ሌላ ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው።

ዛሬ ሦስት መኪኖች መርጠን ቁጥሮቻቸውን አንድ በአንድ ወደ አራዳ እናወጣቸዋለን። ሦስቱንም የመረጥናቸው ጉልበታቸውን የሚያገኙበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ሴቭ አድርጉት። ፌራሪ ለመግዛት ላላሰበ ሰውም ይጠቅማል፤ ስሌቱ ለቪትዝም፣ ነገ ለምትገዟት የኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነው።

■ መጀመሪያ ስለ ፈረሱ

አደባባዩ ላይ አፄ ምኒልክ ፈረስ ላይ ናቸው። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማ ነው። አገራችን መኪና ያየችው ግን ከዚያ በፊት፣ በራሳቸው በምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ "ሲድሌይ" የተባለች መኪና ከጅቡቲ በኩል በረሃ አቋርጦ ለንጉሡ አደረሰ። ባቡሩ ያኔ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ "ናኬ" የምትባል መኪና ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን አናቱ ክፍት መሆን የተለመደ የመኪና ቅርጽ ነበር፤ ቅንጦት የሆነው በኋላ ነው።

የመኪና ጉልበት የሚለካው አሁንም በፈረስ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በ1 ሴኮንድ ውስጥ 1 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። በእኛ ቋንቋ እናድርገው፦ አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ሴኮንድ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ። አንዳንድ ፋብሪካዎች በፈረስ ፋንታ ኪሎዋት ይጽፋሉ። ኪሎዋቱን በ1.36 ስታባዙት ፈረሱን ታገኙታላችሁ።

■ ሦስቱ መኪኖች በወረቀት ላይ

1ኛ. ፌራሪ 812 ጂቲኤስ
• ሞተር፦ 12 ሲሊንደር፣ 6,496 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው
• ጉልበት፦ 800 ፈረስ በ8,500 ዙር በደቂቃ
• ቶርክ፦ 718 ኒውተን ሜትር
• ካምቢዮ፦ ባለ 7 ማርሽ፣ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው፤ የሚገፋው የኋላ እግር ነው
• ከ0 ወደ 100፦ ከ3 ሴኮንድ በታች፤ ከ0 ወደ 200፦ 8.3 ሴኮንድ
• ከፍተኛ ፍጥነት፦ ከ340 ኪ.ሜ በሰዓት በላይ
• ጣሪያ፦ ጠንካራ፣ በ14 ሴኮንድ ይከፈታል፣ እስከ 45 ኪ.ሜ በሰዓት እየተነዳ
ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

2ኛ. መርሴዲስ ኤኤምጂ ኤስኤል 63
• ሞተር፦ 8 ሲሊንደር፣ 3,982 ሲሲ፣ ሁለት ተርቦ
• ጉልበት፦ 585 ፈረስ
• ቶርክ፦ 800 ኒውተን ሜትር
• ካምቢዮ፦ ባለ 9 ማርሽ፤ አራቱም እግር ይገፋል
• ከ0 ወደ 100፦ 3.6 ሴኮንድ
• ከፍተኛ ፍጥነት፦ 315 ኪ.ሜ በሰዓት
• ጣሪያ፦ የጨርቅ፣ 15 ሴኮንድ አካባቢ፣ እስከ 60 ኪ.ሜ በሰዓት
• ክብደት፦ ወደ 1,970 ኪሎ
ይህ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ከኋላ ጠባብ ሁለት ወንበር አለው፤ ትልቅ ሰው ግን አይመቸውም።

3ኛ. ኤምጂ ሳይበርስተር (ባለ ሁለት ሞተሩ)
• ሞተር፦ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ
• ጉልበት፦ 375 ኪሎዋት፣ ማለትም 510 ፈረስ
• ቶርክ፦ 725 ኒውተን ሜትር
• ባትሪ፦ 77 ኪሎዋት ሰዓት
• ከ0 ወደ 100፦ 3.2 ሴኮንድ
• ከፍተኛ ፍጥነት፦ ወደ 200 ኪ.ሜ በሰዓት
• በአንድ ቻርጅ፦ 444 ኪ.ሜ (በአውሮፓ አለካክ)
• ጣሪያ፦ የጨርቅ፣ 15 ሴኮንድ አካባቢ፣ እስከ 50 ኪ.ሜ በሰዓት
• ክብደት፦ 1,985 ኪሎ
በሮቹ እንደ መቀስ ወደ ላይ ነው የሚከፈቱት። ኤምጂ መነሻው እንግሊዝ ቢሆንም ዛሬ የቻይናው የሳይክ ኩባንያ ንብረት ነው። ርካሹ ሳይበርስተር አንድ ሞተርና 340 ፈረስ ብቻ ነው ያለው፣ በአንድ ቻርጅ ግን 507 ኪ.ሜ ይሄዳል።

ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ፌራሪው ኤምጂውን በ290 ፈረስ እንደሚበልጠው ያነብና ክርክሩን ይዘጋል። እኛ ግን ገና አልጀመርንም።

■ አየሩ ምን ያደርጋል?

የቤንዚን ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው። አየርም ይበላል፣ ያውም በብዛት። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሲሊንደሩ ስፋቱ አይቀየርም፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የአየር መጠን ያው ነው። ከፍታ ላይ ግን ያው መጠን አየር ክብደቱ ይቀንሳል፣ ስስ ነው። ኦክስጅን ከአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ነው፤ የቀነሰው አየሩ ራሱ ነው።

ምኒልክ አደባባይ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ለስሌት የሚመች ነገር ከፈለጋችሁ፦ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ቀንሱ።

አሁን ቁጥሮቹን እንደገና እንያቸው።

👉 ፌራሪው፦ 800 ሲባዛ በ0.74፣ ወደ 590 ፈረስ። 210 ፈረስ በመንገድ ቀረ! ጠፋ ማለት ግን ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ ተመልሶ ያገኘዋል።

👉 መርሴዲሱ፦ ተርቦ ማለት በጭስ ማውጫው ጋዝ የሚሽከረከር አየር መጭመቂያ ነው። አየሩ ሲሳሳ ተርቦው ፈጥኖ ይሽከረከርና የጎደለውን ለመሙላት ይሞክራል። ስለዚህ የሚያጣው ከፌራሪው በጣም ያነሰ ነው። ነፃ ግን አይደለም፤ ተርቦው ወደ ገደቡ ይጠጋል፣ የተጨመቀው አየር ይበልጥ ይሞቃል፣ ነዳጅ ስትሰጡት እስኪነሳ ያለችው ቆይታም ትንሽ ትረዝማለች።

👉 ሳይበርስተሩ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። 510 ፈረስ ሻንጋይ ላይ 510 ነው፣ አራዳ ላይም 510 ነው።

ፌራሪው በወረቀት ላይ በ290 ፈረስ ይበልጥ ነበር። ምኒልክ አደባባይ ላይ ልዩነቱ ወደ 80 ይወርዳል። ተርቦ የሌላት 550 ወይም 600 ፈረስ ያላት የቤንዚን መኪና ብትሆን ኖሮ ኤምጂው እዚሁ ይቀድማት ነበር።

ይሄ ነገር ለሀብታም መኪና ብቻ አይደለም። ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ በወረቀት ላይ 70 ፈረስ አካባቢ አላት። እዚህ 52 ገደማ ይቀራታል። አራት ሰው ጭናችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ "ሞተሯ ደክሟል" ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከ70 በመቶም በታች ይወርዳል።

በነገራችን ላይ የድሮ ናፍጣ መኪኖች ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያንቦለቡሉበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው። ፓምፓቸው ሜካኒካል ስለሆነ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለባሕር ጠለል የተመጠነውን ናፍጣ ይረጫል፣ ኦክስጅን ያጣው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጣሪያ ከፍታችሁ ከኋላው ብትቆሙ የቅንጦቱ ስሜት የት እንደሚሄድ ራሳችሁ ገምቱ።

■ ከዜሮ ወደ መቶስ?

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ጉልበቱ በሩብ ከቀነሰ ጊዜውም በሩብ ይረዝማል" ማለት አይቻልም።

ፌራሪው ሲነሳ የሚገድበው ሞተሩ አይደለም፣ ጎማው ነው። 800 ፈረስ ሙሉ በሙሉ ቢለቀቅ የኋላ ጎማ ይንሸራተታል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበቱን ይይዘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ላይ የከፍታው ጉዳት ብዙም አይታይም። ጉዳቱ የሚታየው ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ነው። በእኛ ስሌት በባሕር ጠለል 8.3 ሴኮንድ የሚፈጀው ከ0 ወደ 200 እዚህ ከፍታ ላይ ከ10 ሴኮንድ በላይ ይሆናል።

ሳይበርስተሩ ሙሉ ቶርኩን ገና ከመነሻው ይሰጣል፣ አራቱም እግር ይገፋል፣ ማርሽ የሚባል ነገር አይቀይርም። መብራት ላይ ቆሞ ሲነሳ 3.2 ሴኮንዱን የሚያሳጣው አየር የለም። የሚያሳጣው እርጥብ አስፋልት፣ አቧራና ያለቀ ጎማ ነው።

■ ከፍተኛ ፍጥነት፦ የሚገርመው ክፍል

ስስ አየር ሞተሩን ያደክማል፣ ግን መንገዱንም ይከፍትለታል። መኪና ሲፈጥን ትልቁ ጠላቱ አየሩ ነው፤ አየሩ በሩብ ሲሳሳ የሚገፋው ተቃውሞም በሩብ ይቀንሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው መኪና ጉልበቱ ሩብ ቢቀንስም ከፍተኛ ፍጥነቱ ያን ያህል አይወርድም፤ እዚያ ለመድረስ ብቻ ይዘገያል።

ሳይበርስተሩ ደግሞ የተቃውሞውን መቀነስ በነፃ ያገኘዋል። ፍጥነቱ ወደ 200 ላይ ስለተገደበ አይጨምርም፣ ግን በፈጣን መንገድ የሚበላው ባትሪ ይቀንሳል።

ወደ መሬት እንውረድ ካላችሁ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተነደፈው ለ120 ኪ.ሜ በሰዓት ነው። 340ውም፣ 315ቱም፣ 200ውም እዚያ እኩል ናቸው። መኪና ስትመርጡ ለከፍተኛ ፍጥነት ገንዘብ መክፈል ማለት ፈጽሞ የማትጠቀሙበትን ነገር መግዛት ነው።

■ ዳገት፣ ቁልቁለት እና ፍሬን

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ዳገት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ከፒያሳ ወደ እንጦጦ ያለው ደግሞ ይብሳል፤ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል።

ሳይበርስተሩን ሹፌሩን ጨምሮ 2,060 ኪሎ ብለን እንያዝ። ይህን ክብደት 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ይህ ሜዳ ላይ 20 ኪ.ሜ ገደማ የሚያስኬድ ባትሪ ነው። ስትወጡ ስክሪኑ ላይ የቀረው ኪሎ ሜትር ድንገት ቢያሽቆለቁል አትደንግጡ። ስትወርዱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናዋን ይይዝና የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

አንድ ምክር ግን አለን። እንጦጦ ላይ የሚኖር ሰው ባትሪውን ማታ 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ቢነዳ፣ የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል አይቀበልም። ያኔ ሥራው ሁሉ የፍሬኑ ይሆናል። 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል።

የፍሬን ጉዳይ ለሦስቱም ነው። ሸራውን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ይዳከማል። ራዲያተሩም እንደዚያው ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ በደህና ጊዜ ችግር የለውም፤ ክዳኑ ከላላ ግን መኪናው ቶሎ ይፈላል። ለቪትዝም ለፌራሪም አንድ ሕግ ነው።

■ ጣሪያውስ?

አዲስ አበባ ለክፍት መኪና የተፈጠረች ከተማ ትመስላለች፤ አይሞቅም፣ አይበርድም፣ ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ሰማይ ራሱ ጣሪያ ክፈቱ ክፈቱ ይላል። ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ፀሐይ ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ጋ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ይበረታል ማለት ነው፣ ለዚያውም ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል መቃጠላችሁን የምታውቁት ማታ ነው። የጨርቅ ጣሪያና የቆዳ ወንበርም በዚሁ ፀሐይ ይደርቃሉ፣ ቀለማቸውንም ይለቃሉ።

ሁለተኛው ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ አያስጠነቅቅም። 15 ሴኮንድ አጭር ይመስላል፣ የፒያሳ ዝናብ ግን 15 ሴኮንድ አይጠብቅም። ስለዚህ ጣሪያው እየተነዳ መዘጋት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። በረዶ ለሚጥልበት ቀን የፌራሪው ጠንካራ ጣሪያ ይመረጣል፤ ጨርቅ ጣሪያ በክብደት ይቀላል፣ ሲታጠፍም ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ከተደፈኑ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያገለገለ መኪና የምታዩ ከሆነ መጀመሪያ ምንጣፉን አንስታችሁ እርጥበት ፈልጉ።

■ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኮብልስቶን

ባለ ሁለት ሞተሩ ሳይበርስተር ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ነው የሚጫማው፣ የሁለቱ ተፎካካሪዎቹም ትልልቅ ናቸው። ትልቅ ቸርኬ ማለት ስስ ጎማ ማለት ነው። ስስ ጎማ በለሰለሰ አስፋልት መሪውን ያሳምራል፤ አራዳ ውስጥ ለውስጥ ባለው ኮብልስቶን ላይ ግን ቸርኬ ያጣምማል። የስፖርት መኪና ወለሉም ዝቅ ያለ ነው፤ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ሲያጋጥም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ይዞ በዝግታ ማለፍ ግድ ነው። ኤሌክትሪኩ ላይ ይሄ ይበልጥ ያሳስባል፣ ምክንያቱም ከወለሉ ስር ያለው ባትሪው ነው።

አሁን ጎሚስታዎችም የሚያውቋት አንድ ነገር፦ ባሕር ዳር ተነፍቶ የመጣ ጎማ እዚህ ሲለካ 4 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ይነበባል። ጎማው ውስጥ ያለው አየር አልጨመረም፣ ከውጭ የሚገፋው አየር ነው የቀነሰው። በወደብ የገባ መኪና ስትረከቡ በሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር መሠረት እንደገና አስለኩ። ወደ ቆላ ወርዳችሁ ስትመለሱም እንደዚያው።

■ ቻርጅ እና የ"ኪሎ ሜትር" ጨዋታ

ሳይበርስተሩ በፈጣን ቻርጀር ከ10 ወደ 80 በመቶ በ38 ደቂቃ ይሞላል። ይህ ግን ቻርጀሩ ወደ 150 ኪሎዋት መስጠት ሲችል ነው። 60 ኪሎዋት በሚሰጥ ማሽን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር ከባዶ እስኪሞላ 11 ሰዓት ያልፋል። በተራ የግድግዳ ሶኬት ደግሞ ከ35 ሰዓት በላይ ነው፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌ–መገናኛ መስመር ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከፍቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ቻርጀር የሚገጠምበት ቦታ እንዳለ አረጋግጡ፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ሶኬቱንም እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና "ጂቢቲ" የሚባል ሶኬት አለው፤ ለአውሮፓ የተሠራው "ሲሲኤስ 2" ነው። መኪናዎቹ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፣ ሶኬታቸው ግን አይገጥምም።

የኪሎ ሜትር ቁጥርም ሁለት ዓይነት ነው። ባለ አንድ ሞተሩን ሳይበርስተር ብትወስዱ በቻይና አለካክ 580 ኪ.ሜ ይባላል፣ በአውሮፓ አለካክ 507። ባትሪው ያው ነው! የቻይናው ፈተና በአማካይ 29 ኪ.ሜ በሰዓት በሆነ ዝግ ያለ ፍጥነት ነው የሚለካው፣ የአውሮፓው ወደ 46 ነው። ሻጭ ኪሎ ሜትር ሲነግራችሁ "በየትኛው አለካክ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለአዲስ አበባ አንድ መልካም ዜና አለ። ባትሪ የሚጠላው ከባድ ብርድና ከባድ ሙቀት ነው። የከተማችን አየር ለሊቲየም ባትሪ ከሚመቹት አንዱ ነው።

■ ሕጉ እና ቀረጡ

ትልቁ ነጥብ እዚህ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ገልጸዋል። ቀድመው የገቡት እየተነዱ ነው።

ከዚያ በፊትም ቀረጡ ራሱ አጥር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ የቤት መኪና ላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ጥሏል፤ ያረጁት ላይ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። 3,982 ሲሲው መርሴዲስም 6,496 ሲሲው ፌራሪም የት እንደሚወድቁ ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀምጧል። ታሪፍ የሚሻሻል ነገር ስለሆነ ብር ከመላካችሁ በፊት የወቅቱን ከጉምሩክ ጠይቁ።

ሳይበርስተሩ እንግሊዝ ገበያ ላይ ሲወጣ ባለ ሁለት ሞተሩ 59,995 ፓውንድ ነበር። ፌራሪው በአውሮፓ አዲስ ሆኖ ሲሸጥ ከ300 ሺህ ዩሮ በላይ ነበር። ይህን ወደ ብር መቀየሩን ለእናንተ ትተነዋል፣ ቁጭ ብላችሁ ቀይሩት።

አስቡት እስቲ፦ የቤንዚን ስፖርት መኪና ሩብ ጉልበቱን በሚያጣበት ከተማ፣ ሕጉ የፈቀደው ምንም የማያጣውን መኪና ነው። ሕጉ የወጣው ለስፖርት መኪና ተብሎ አይደለም፤ የነዳጅ ወጪና የውጭ ምንዛሪ ነው ምክንያቱ። በሕጉ መስማማት አለመስማማት ይቻላል። ፊዚክሱ ግን በዚህ ጉዳይ ከኤሌክትሪኩ ጎን ነው።

ድምፁስ? አዎ፣ የ12 ሲሊንደሩን ጩኸት ኤሌክትሪክ አይሰጣችሁም። ያንን የሚተካ ቁጥር የለም፣ ከዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ የሚወድቅ ነገርም አይደለም። ለአንዳንድ ሰው መኪናው እሱ ነው።

■ ማንኛውንም የመኪና ስፔክ ስታነቡ የሚጠየቁ 7 ጥያቄዎች

1. ሞተሩ ተርቦ አለው? ከሌለው ጉልበቱን በ0.74 አባዙት። አዲስ አበባ ላይ ያለው እውነተኛ ፈረሱ እሱ ነው።
2. ክብደቱ ስንት ነው? ጉልበት ብቻውን አይነዳም፤ ፈረሱን ለክብደቱ አካፍሉት።
3. የሚገፋው የትኛው እግር ነው? በክረምት አስፋልት ላይ ልዩነቱ ይታያል።
4. ኤሌክትሪክ ከሆነ ኪሎ ሜትሩ በየትኛው አለካክ ነው?
5. ሶኬቱ ምን ዓይነት ነው፣ ቤቴስ ስንት ኪሎዋት ይሰጠኛል?
6. ከመሬት ከፍታው ሰፈሬ ያለውን ጉብታ ያልፋል?
7. ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? መለዋወጫውስ? የጣሪያው ሞተር ብቻ ተበላሽቶ ጣሪያው ክፍት ሆኖ ቢቀር በሐምሌ ምን ይዋጣል?

ሰባቱን ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው በደላላ ወሬም በ15 ሴኮንድ ቪዲዮም አይሸወድም። 800 የሚለውን ቁጥር ሲያይ 590 ብሎ ያነባል፣ 580 ኪሎ ሜትር ሲባል "በየትኛው አለካክ?" ይላል። ቁጥሩ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ የሌላ ቦታ ቁጥር ስለሆነ ነው።

መኪና ለመግዛት ብር እየቆጠበ ያለ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። በቀጣይ የየትኛውን መኪና ቁጥር ወደ አዲስ አበባ ከፍታ እናምጣው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።